የቅሬው ዳኛ የሙከራ ሞት

«አጎቴ፣ ዛሬ እርስዎን ልግደልዎት?»

ይህን ያለችኝ የእህቴ ልጅ ኢንሻራህ ናት። ያለችኝም በጠዋት፣ ደሴ ባለው በገዛ ቤቴ፣ የገዛ ሻዬን እየጠጣች ነው። ባለቤቴ ሩሚሳ «አዑዙ ቢላህ!» ብላ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ ልትለቀው ምንም አልቀራት። እኔ አልደነገጥኩም። ወላሂ፣ ሪዜ እንኳ አልተነቃነቀም። የኛ ወገን ሞት አይፈራም፤ አያቴ ከየመን ሲመጡ ቀይ ባሕርን በአንድ እጃቸው እየቀዘፉ፣ በሌላው ተምር እየበሉ ነው የተሻገሩት፤ ማዕበሉም አፍሮ ተኛ ይባላል። ይባላል የምለው እኔ ዘወትር ስለምለው ነው። ስለዚህ በተረጋጋ ድምፅ «ለምን ሐጂ ሳዲቅን አትገድዪም? እሱ ዕድሜ ጠግቧል» አልኳት።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስላል። ኢንሻራህ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከታች ጎማ የሚጠገንበት፣ ከላይ ጥርስ የሚነቀልበት አንድ ፎቅ ላይ፣ ፕሮግራም የሚሠራ ቢሮ ተቀጥራ ትሠራለች። የሠራችው ለቅሬ ነው። በኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ለቀስተኛ የሚያበላው ቅሬው ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ይቀመጣል። እስከ ዛሬ ሞቱን ለየቤቱ የሚያዳርሰው ለፋፊ ነበር። ለፋፊ ደግሞ ሰው ነው፤ ያመዋል፣ ዝናብ ይይዘዋል፣ መንገድ ላይ የስኳር ዋጋ ሲሰማ ቆሞ ይቀራል። እናቴ ቢስቲማ ከተማ ያረፈች ቀን ለኢንሻራህ ወሬው ኮምቦልቻ ሲደርሳት አፈሩ ተመልሶ ነበር። ለቅሶውን ደርሳ፣ ተመልሳ ሄዳ ፕሮግራሙን ሠራች። ሰው ሲሞት የቅሬው መሪ፣ ዳኛው፣ ስሙን ታብሌቱ ላይ ነክቶ «አርፏል» የሚለውን ሲጫን፣ ማሽኑ ለአባላቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልክ ይደውልና በኢንሻራህ ድምፅ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ መቼ እንደሆነ፣ ድንኳኑን እነማን እንደሚያወጡ ይናገራል። እንግዲህ እንደኔ ያለ አጎት ባይመክራት ይህን ከየት ታመጣው ነበር? እርግጥ ምክሬ «ደግ ነው፣ ሥሪ» የሚል ብቻ ነበር። ቢሆንም ሥሩ እሱ ነው።

ታዲያ ፕሮግራም እንደተሠራ አይወጣም። መጀመሪያ ለሙከራ ይሰጣል፤ እንከኑ ተለቅሞ ሲያልቅ ነው ቋሚ የሚባለው። ይህን ፕሮግራም እንዲሞክሩ የተመረጡት የአራት ቅሬ ዳኞች ናቸው፤ ከአራቱ ዋነኛው ማን እንደሆነ መናገር ከኔ አይጠበቅም። ደንቡን ያወጣው የኢንሻራህ አለቃ ደሳለው ነው፤ አንገቱ ላይ መታወቂያ ሳያንጠለጥል ሽንት ቤት የማይገባ ሰው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ የሙከራው ጊዜ እስኪያልቅ ከሞካሪዎቹ አንድም ሰው እንከን ካላስመዘገበ፣ ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ ከሙከራ ወደ ቋሚ ይሸጋገራል። የሠራው ሰው በራሱ ሥራ ላይ እንከን ማስመዝገብ አይችልም። ጊዜው የሚያልቀው በዚያው ዕለት ከዐስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት ጋር ነበር። ከዚያ በኋላ በደሴና በኮምቦልቻ ያለ ቅሬ ሁሉ ለፋፊውን አሰናብቶ በማሽኑ ብቻ ሊታመን ነው። ደሳለውም ለምርቃቱ ሙክት ገዝቷል፤ የሙክቱን ዋጋ ለሚያገኘው ሁሉ ይናገራል፤ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ ግን ሲጠየቅ ያንቀዋል።

«አንድም እንከን አልመጣም» አለች ኢንሻራህ፣ ሻይዋን አስቀምጣ። «ከሞካሪዎቹ ግን አንድም ሙከራ የለም። ማንም አልተጫነውም። የሚሞክር ሰው ጠፍቶ ዝም ስላሉ ደህና ነው ተብሎ ሊወጣ ነው። ስሕተት ካለበት፣ የሆነ ሰው እናቱን ሳይቀብር ይቀራል። የደወለለት ደግሞ የኔ ድምፅ ነው የሚሆነው።»

ለምን እንዳልተጫኑት እኔ አውቃለሁ። ማን ሕያው ሰው መርጦ «አርፏል» ብሎ ይጫናል? ሟርት ነው። ቢጫኑትና ሰውየው በሳምንቱ ቢያስነጥሰው፣ ቤተ ዘመዱ ዱላ ይዞ ነው የሚመጣው። የኔም ታብሌት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከኢድ ጀለቢያዬ ሥር ነበር። እኔ ግን ያስቀመጥኩት በፍርሃት አይደለም፤ ለጥንቃቄ ነው።

ለማንኛውም ሞካሪዎቹን ዞረን እንድናነጋግር ወሰንኩ። መጀመሪያ ሐጂ ሳዲቅ ዘንድ ሄድን። ፒያሳ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቁ የኔን ሱቅ እግር አይስምም፤ ደንበኛ ግን አይጠፋውም፤ ሕዝቡ ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም። ገና ከበሩ ላይ ሰላምታ ጀመረ። የሐጂ ሳዲቅ ሰላምታ ከዚህ እስከ ቦሩ ሜዳ በእግር ያደርሳል፦ እንዴት አደራችሁ፣ ቤት ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ጎረቤት ደህና፣ ገበያው እንዴት ነው፣ ጉልበትህስ፣ የሩሚሳ ወገብስ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት ናችሁ ታዲያ። መልስ አይጠብቅም፤ አያቋርጥምም። ሲጨርስ ኢንሻራህ ስለ ፕሮግራሙ ጠየቀችው።

«ማሻአላህ! እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም!» አለ።

«ሞክረውት ነው፣ ሐጂ?»

«ምን ይሞከራል? እሱ ቤቴ ከገባ ጀምሮ ከቅሬዬ አንድ ሰው አልሞተም። አሟቸው የነበሩት እንኳ ተነሥተዋል። በረካ ያለው ዕቃ ነው፣ ልጄ። አደራ፣ እንዳትወስዱብኝ።»

ታብሌቱ ቡፌው ውስጥ፣ ከወርቅማ ብርጭቆዎቹ መካከል፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጦ አየሁት። በሰው ቤት ተቀምጦ፣ የሰው ለስላሳ እየጠጡ «ሞኝ ነህ» አይባልም፤ ከወጣ በኋላ ነው የሚባለው። ከወጣን በኋላ አልኩት።

ሦስተኛው ሞካሪ ዕቃው እንዳይቆሽሽበት የሚሳሳ ሰው ነው፤ «ምንም ችግር የለውም» አለን፣ የቻርጀሩን ማሸጊያ እንኳ ሳይቀድ። አራተኛዋ የሴቶቹን ቅሬ የሚመሩት እትዬ ወለተ ማርያም ናቸው። ክራቸውን እየፈተሉ አዳመጡንና ከሁሉም የተለየ ነገር አሉ፦ «እኔስ ሞክሬው ነበር። ሕያው ሰው ከማስገባ ብዬ የባለቤቴን ስም አስገባሁ፤ እሱ እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል። ከዚያ ማሽኑ 'እርግጠኛ ነዎት?' ብሎ ጠየቀኝ።» እንዝርቱን አቆሙት። «ሁለተኛ አልገድለውም ብዬ ዘጋሁት።» ኢንሻራህ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ከዚያ እትዬ ወለተ ማርያም ወደኔ ዞሩና ድምፃቸው ተለወጠ። «አንተስ፣ ዑዘይር? ምላስህ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ መኪና ይጎትታል እየተባለ፣ አንዲት ቁልፍ መጫን አቃተህ? ለልጅቱ ብለህ አንዴ ብትሞትላት ምን ይልሃል?»

«ሞት ለኔ ምን አላት!» አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት።

«እንግዲያስ ሙት» አሉና ፈትላቸውን ቀጠሉ።

እንዲህ ሆኖ ቀትር ላይ ዙህር ከተሰገደ በኋላ ሳሎኔ ውስጥ ሞትኩ። ከመሞቴ በፊት ከኢንሻራህ ጋር ትንሽ ተከራከርን። እሷ መልእክቱ ሲጀምር «ይህ ሙከራ ነው» ማለት አለበት አለች። እኔ ያን ነገር አውጪው አልኳት። እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር ማየት ፈልጌ ነበር፤ ደሴ እኔን ስታጣ ምን እንደምትሆን። መንገድ ይዘጋል ብዬ እገምት ነበር። ሱቆች ይዘጋሉ። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሠራተኛው በፈረቃ ይመጣል። ኢንሻራህ ግን «ሰው አላስደነግጥም፣ አጎቴ» ብላ ፈጽማ እንቢ አለች፤ ግትርነቱ ከእናቷ ነው። ስሜን ነካች። ማሽኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ሲል እጄን ይዛ ጣቴን ቁልፉ ላይ አስቀመጠችው። ጣቴ አልተንቀጠቀጠም፤ ታብሌቱ ነው የተንቀጠቀጠው። ተጫንኩ። ስሜ ጠቆረ። ስልኬንም አጠፋሁ፤ የሞተ ሰው ስልክ አያነሣማ። ሩሚሳ ከማድቤት ወጥታ ዳቦ በሻሽ ቋጥራ ወደ መስጊዱ በር ሄደች። «የት ነው?» ብላት «ስምህ ከሞት ጋር ተጠርቷል፤ ሰደቃ ይውጣልህ» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። ከዚህ በላይ ቃል አልተለዋወጥንም። በኛ ቤት ይህ ብዙ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ኢንሻራህ ታብሌቱ ላይ አፈጠጠች፤ ሁሉም ስልኩን አንሥቷል፣ ሁሉም እስከ መጨረሻው ሰምቷል ይላል። «ደርሷል» አለች፤ ፊቷ ግን አላመነም። እኔ ሙከራ መሆኑ ስለተነገራቸው ማንም እንደማይመጣ አውቄ፣ ተኮራርፌ ምንጣፉ ላይ ጋደም አልኩ። ብዙም ሳልቆይ የግቢው በር ተንኳኳ። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አየሁ። የቅሬው ድንኳንና ድስት የሚቀመጠው እኔ ግቢ ነው፤ መጀመሪያ የገባው ድንኳን ተካዩ ቡዜ ነበር፣ ሁለት ሰው አስከትሎ። ከዚያ መቃብር ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ይዘው። ከዚያ ሴቶቹ ሻሻቸውን አጥብቀው። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ የመጣው ጣሀ፤ ጣሀ ለገዛ ሠርጉ እንኳ ሱቁን አልዘጋም። ግቢው ሞላ። ሙከራ ነው ተብለው እንኳ አላስቻላቸውም! ሺሕ ሰው ይሆናል፤ ሩሚሳ አርባ ነው ትላለች፤ ሩሚሳ ቆጥራ አታውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ፤ የሚያለቅስ የለም። ሰዉ እርስ በርሱ ይንሾካሾካል፣ ድንኳኑ ይወጣል፣ ካስማ ይመታል፣ እንባ የለም። ድንጋጤ እንባ ያደርቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በመጨረሻ አልቻልኩም። ነጭ ጀለቢያዬን ለበስኩ፤ አንዳንድ ደካማ ሰው በድንጋጤ ቢወድቅ ውሃ አዘጋጂ ብዬ ከመስጊዱ የተመለሰችውን ሩሚሳን አዘዝኩና በሩን በሁለት እጄ ከፍቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ።

ማንም አልወደቀም። ቡዜ መዶሻውን እንደያዘ ቀና አለና «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ዳኛው» አለኝ። «ስልክዎን ለምን ያጠፋሉ? ቤቱን ስላላወቅነው ድንኳኑን እዚሁ ጀመርነው፤ ለመሆኑ ማን ነው የሞተብን?»

ያን ጊዜ የተሰማኝን አልናገርም። ግቢው ሙሉ ሰው ፊቴን እያየ የሟቹን ስም ይጠብቃል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ እኔ ልሆን እችላለሁ ብሎ የጠረጠረ የለም።

«ስሙን አልነገረችህም ወይ ስልኳ?» አልኩት።

«ምን ትነግረኛለች! 'ሄሎ፣ አሰላሙ ዐለይኩም' አልኳት፤ እሷ ታወራለች። 'ማን ልበል፣ እንዴት ዋላችሁ፣ ደህና ናችሁ ወይ' አልኩ፤ እሷ ታወራለች። ሰላምታዬን ስጨርስ 'ቀብር ከዐስር በኋላ ነው፤ ድንኳን የሚያወጡት እነ ቡዜ ናቸው' ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።»

«እኔም እንደዚያው!» አለ ጣሀ። «የልጆቿን ደህንነት ሁሉ ጠይቄያታለሁ። አንድም አልመለሰችልኝ።»

ኢንሻራህ ከኋላዬ ሆና እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ቢሮ ውስጥ እነ ደሳለው እርስ በርስ ሲሞክሩት ማሽን መሆኑን እያወቁ ስልኩን አንሥተው ዝም ብለው አዳምጠዋል። ሰላም ሳይል ስልክ የሚያዳምጥ ወሎዬ የት አለ? የሟቹ ስምና «ሙከራ ነው» የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱንም የሰዉ ሰላምታ ውጧቸዋል። የተረፈው ቀብርና ድንኳን ብቻ ነው።

ወዲያው ለደሳለው ደወለች። እሱ በበኩሉ በስልክ ውስጥ የሙክቱን ድምፅ እያሰማ «ሞካሪ አማርሯል? አላማረረም። አንቺ ደግሞ የራስሽን ሥራ መክሰስ አትችዪም» አላት። ዐስር እየቀረበ ነበር። ኢንሻራህ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «በአላህ፣ በሥራዬ ቅር ያላችሁ ተናገሩ፤ አጎቴ ያስመዘግቡልኛል!» ይህን ጊዜ ያ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ፣ አካፋ ተሸክሞ፣ ለባዶ ሬሳ የመጣ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኧረ ምንም አይደል፣ ልጄ።» «አብሽሪ፣ ድምፅሽ እንዴት ያምራል!» «ደግ ሥራ ነው፣ አላህ ይጨምርልሽ።» በሰው ፊት ደግ፣ ጥግ ዞሮ ሐሜተኛ! ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ። ታብሌቱን ነጥቄ «እንከን» የሚለውን ተጫንኩ። ማሽኑ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «በሕይወት የሌለ አባል እንከን ማስመዝገብ አይችልም።» ከሞት የሚመልስ ቁልፍ ደግሞ የለውም፤ ሲሠራ ደሳለው «ማን ከሞት ሲመለስ አይተሻል?» ብሎ አስቀርቶታል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃለት ነበር። እኔ ግን ስልኬን ከፍቼ ለሐጂ ሳዲቅ ደወልኩ። ሰላምታውን ሲጀምር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አቋረጥኩት።

«ሐጂ፣ ያ ቡፌዎ ውስጥ ያለው ዕቃ ዛሬ እኔን ገደለኝ።»

«ምን አልክ?»

«ስሜ ጠቁሯል። ድንኳን ተተክሎልኛል። ይኸው፣ የካስማውን ድምፅ ይስሙ። ሙት ነህ ብሎ አልመልስም አለ። ቀጥሎ ማን ጋ እንደሚሄድ አላህ ያውቃል፤ እርስዎ እንደሆኑ ከብርጭቆ ጋር አስቀምጠውታል።»

በስልኩ ውስጥ የቡፌ በር ሲከፈት፣ ብርጭቆ ሲወድቅ ሰማሁ። «አዑዙ ቢላህ! ሕያው ሰው ይገድላል? እኔ በረካ ነው ብዬ! የዚያን ሰውዬ ስልክ ስጠኝ!» ሰጠሁት። ሐጂ ሳዲቅ ለደሳለው ሲደውል ሰላምታ አልሰጠም አሉ፤ ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። አዛን ከመባሉ በፊት ኢንሻራህ የያዘችው ታብሌት ጮኸ። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እንዲህ ይላል፦ «ሞካሪ፦ ሐጂ ሳዲቅ። እንከን፦ ሕያው ሰው ይገድላል። ውሳኔ፦ ወደ ቋሚ አይሸጋገርም።»

ድንኳኑ ግን ተተክሎ ነበር። ሊነቅሉት ሲሉ ቡዜ «ባዶ ድንኳን አይነቀልም፣ ሟርት ነው» ብሎ ተቆጣ። ስለዚህ ዐስር ሰግደን ሁላችንም ገባንበት። እትዬ ወለተ ማርያምም መጡ፤ አጠገቤ ሲያልፉ «ነፍስ ይማር» አሉኝ። ሩሚሳ ከሰደቃው የተረፈውን ዳቦ አዞረች። ዱዓ ሲደረግ ለማን እንደሆነ ጠፋቸውና ለሁሉም ተደረገ። ጣሀ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አወራ፤ ሌላው ስለ ልጁ ፈተና፤ ስለኔ ደግነት አንድ ሰው እንኳ ቃል አልተነፈሰም። አሥሬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ጉንፋን ይዞታል ብለው ዝንጅብል አመጡልኝ።

ኢንሻራህ በማግስቱ ወርዳ ሥራዋን ቀጠለች። ደሳለው ሙክቱን መልሶ ሊሸጥ አወጣው አሉ፤ ከገዛበት ያነሰ ዋጋ ነው የተሰጠው፤ እሱን ለማንም አይናገርም። እኔ በማሽኑ ውስጥ እስከ ዛሬ ሟች ነኝ፤ የሚያነሣኝ ቁልፍ ገና አልተሠራም፤ አንድም የቅሬ ጥሪ አይደርሰኝም፤ ሞት የምሰማው ከቡዜ ነው። አዲሱ የሙከራ ቅጂ ግን ወጥቷል። አሁን ማሽኑ መጀመሪያ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ» ይላል፤ ከዚያ የተደወለለት ሰው ሰላምታውን እስኪጨርስ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ዝም ሲል ብቻ የሟቹን ስም ይናገራል። ይህንንም እኔ ነኝ የመከርኳት። መጀመሪያ የተሞከረው ሐጂ ሳዲቅ ላይ ነው። ስልኩን ከዙህር በፊት አነሣ። እኔ ዐስር ሰግጄ ከመስጊድ ስመለስ ኢንሻራህ ታብሌቱን እንደያዘች ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ማሽኑም ይጠብቃል።